አፍ ሙሉ ሚስማር

ባለሶፋዋና እኔ ጎረቤት ነን። በሱቋና በቤቴ መካከል ያለው አንድ ጫማ ጠጋኝና አንድ ክዳኑ የጠፋ ቦይ ብቻ ነው። ስሟን የሚጠራ የለም። ወንበሩ የጎረበጠው ሰው ሁሉ «ለባለሶፋዋ ስጣት» ይባላል፤ እሷም ስልክ ስታነሳ «ባለሶፋዋ ነኝ» ትላለች። ስልሳ ሊሞላት ነው። ክንዷ ወፍራም፣ ድምፅዋ ቀጭን ነው። አንድ ጊዜ አግብታ ነበር። «ምን ሆነ?» ሲሏት «መለስኩት» ትላለች፣ ልኩ ስላልሆነ ዕቃ እንደምታወራ።

ሥራውን የወረሰችው ከአባቷ ነው። ሱቁንም፣ ጠረጴዛውንም፣ ሚስማር በአፍ የመያዝ ልማዱንም አብራ ወርሳለች።

ልማዱን ላላየ ሰው ላስረዳ። በሶፋ የእንጨት አጥንት ላይ ቆዳ የሚወጥር ሰው በአንድ እጁ ቆዳውን ይስባል፣ በሌላው መዶሻ ይይዛል። ሦስተኛ እጅ ስላልተሰጠን ትንንሾቹ ሚስማሮች አፍ ውስጥ ይቀመጣሉ። ምላስ እያገላበጠች አንድ በአንድ ወደ ከንፈር ታቀርባቸዋለች። ዛሬ በአየር የሚተኩስ መምቻ መጥቷል፤ ባለሶፋዋም ገዝታለች። ለጀርባና ለሥሩ ትጠቀምበታለች። ሰው ፊት ለሚቀመጠው ጎን ግን አሁንም አፏን ትሞላለች።

አባቷን ሰፈሩ «ዱዳው» ይለው ነበር። ዱዳ አልነበረም። እራት ላይ ከሁሉም በላይ የሚያወራው እሱ ነበር አሉ። ቀን ቀን ግን አፉ ሥራ ላይ ነው። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ እሱ ዝንቡን ከልክሎ ብረቱን አስገብቷል።

ችግሩ «አዎ» ማለት ላይ ነበር። በእኛ ቋንቋ «አዎ» ለማለት ቃል አያስፈልግም፤ ትንፋሽን ወደ ውስጥ ሳብ ማድረግ ይበቃል። ይህን ስናደርግ አናስበውም፤ ከእናት ጡት ጋር የጠጣነው ነገር ነው። አንድ ቀን ደንበኛ መጥቶ «ለቅዳሜ ይደርስልኛል?» ሲለው ዱዳው ትንፋሹን ሳበ። ሚስማሯም ገባች። ሶፋው ለቅዳሜ አልደረሰም። ሚስማሯ ከቀናት በኋላ በተፈጥሮ መንገድ ወጣች። አጥቦ መልሶ ተጠቀመባት የሚሉ አሉ፤ ሴት ልጁ ግን ይህን ታስተባብላለች።

ከዚያ ወዲህ ዱዳው የራሱን ቋንቋ አበጀ። መዶሻውን ከቆዳው ያነሳና ያልለበሰውን እንጨት ይመታል። አንድ ምት «አይሆንም» ነው፣ ሁለት ምት «አዎ»። ይህን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች፤ እናቷ ከሞተች በኋላ አብራው የምትሠራው እሷ ነበረችና። «አባዬ፣ ልዝጋ?» ቋ፣ ቋ። «ይሄን ሰማያዊውን ልቁረጠው?» ቋ። ታናሽ ወንድሟ ሱቅ አይገባም ነበር። ወለሉ ሚስማር ነው፣ እሱ ደግሞ ጫማ አውልቆ መሮጥ የሚወድ ልጅ ነበር። ጎረቤት ቤት ነው የሚውለው።

ልጁ ስምንት ዓመት ሲሆነው የእናታቸው ወንድም፣ መምህሩ አጎት፣ ከሌላ ከተማ መጣ። «ልጁን ስጠኝ፣ እኔ ጋ ሆኖ ይማር» አለ። ዱዳው አሰበበትና «እሱ ካለ ይሂድ» ብሎ መለሰ። የሚሄድበት ቀን ባለሶፋዋ ጨርቅ ልትገዛ ወጥታ ነበር። ስትመለስ ወንድሟ የለም። እራት ላይ ያ ወሬኛ ሰው አንድ ነገር ብቻ ተናገረ። «ነገርኩት፤ አልሰማኝም» አለ። ምን እንደነገረው አልጠየቀችም። አባት ለልጅ የሚነግረው ነገር ብዙ ነው፤ ልጅ አልሰማም የሚለውም እንደዚያው። በዚያው ክረምት አባቷን ሳንባው ገደለው። ልጁ ለቀብር አልደረሰም።

ልጁ ተማረ። አድጎም የፊልም ዳይሬክተር ሆነ። በሌሎች ሰዎች ታሪክ ብዙ ከሠራ በኋላ፣ ጸጉሩ ሲሸብት፣ የአባቱን ፊልም ልሥራ አለ። «የዱዳው ልጅ» ብሎም ሰየመው። ቀረጻው በእህቱ ሱቅ እንዲሆን ለመናት።

«ሥራ ልፈታልህ ነው?» አለችው።

«እትዬ፣ ኪራይ እንከፍላለን።»

«ኪራይህን ብላው። ወለሉን ግን ጠርጋችሁ ትሄዳላችሁ።»

አባቷን የሚጫወተውን ተዋናይ ሥራ የምታለማምደው እሷ ሆነች። ጥርሱ ያማረ፣ እጁ ለስላሳ ሰው ነው። ሚስማሩን መዳፉ ላይ አድርጎ እንደ ክኒን አየው።

«እትዬ፣ ብውጠውስ?»

«አባቴ ውጦ ያውቃል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወጣ።»

«በየት በኩል?»

«አንተ ስንት መንገድ ነው የምታውቀው?»

ተዋናዩ ሚስማሩን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ሲናገር ትንፋሹን ወደ ውስጥ እንዳይስብ አስጠነቀቀችው፤ የመዶሻውን ቋንቋ ግን አልነገረችውም። ለመደበቅ አልነበረም። የእሷና የአባቷ ጉዳይ ነበር፤ ለፊልም ይጠቅማል ብላም አላሰበችም።

የፊልሙ መጨረሻ የልጁ መሄድ ነው። አጎት ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። ልጁ ሱቁ ደጃፍ ላይ ይቆምና «አባዬ፣ ልቅር?» ይላል። አባት ቀና ብሎ ያየዋል። አፉ ሙሉ ነው። ሁለት ጊዜ ይመታል፣ ልጁን ያየዋል፣ ከዚያ አጎንብሶ ሥራውን ይቀጥላል። ልጁ ጥቂት ጠብቆ ይወጣል። ዳይሬክተሩ ለተዋናዩ ሲያስረዳ እንዲህ አለ፦ «ሚስማሩን መትፋት ይችል ነበር። ለአንድ ቃል አፉን ባዶ ማድረግ ከበደው። ፊልሙ ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም።»

ያን ቀን ዳይሬክተሩና የድምፅ ባለሙያው የተጣሉት በመዶሻው ድምፅ ላይ ነው። ተዋናዩ ቆዳውን መታ፤ የድምፅ ባለሙያው ማዳመጫውን እንዳጠለቀ አውራ ጣቱን አነሳ። ዳይሬክተሩ ግን «አይደለም» አለ። «እኔ የሰማሁት ደረቅ ነው።»

«ቆዳ ላይ ደረቅ አይሆንም፣ ጋሼ። ከሥሩ ስፖንጅ አለ። ድፍን ነው የሚለው።»

«ደረቅ ነበር።»

«ምን ላይ ነበር የሚመቱት?»

«ሶፋ ላይ ነዋ። ሶፋ ሠሪ ምን ሊመታ ኖሯል?»

«ሶፋ እንዲህ አይጮህም።»

«የአባቴ ይጮሃል።»

የድምፅ ባለሙያው የደከመው ሰው ነው። መዶሻውን ከተዋናዩ ተቀብሎ፣ ጥግ ላይ የቆመ ያልለበሰ የሶፋ አጥንት ፈልጎ መታው። ቋ፣ ቋ። «እንዲህ?»

ዳይሬክተሩ ዓይኑን ጨፈነ። «እንዲህ» አለ።

ባለሶፋዋ የፈላ የቡና ጀበና ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ጀበናውን አዲስ ስፖንጅ ላይ አስቀመጠችው። ስፖንጁ ቀልጦ ክብ ጉድጓድ አወጣ። ዛሬም ሱቁ ውስጥ አለ፤ ድመቷ ትተኛበታለች።

በዚያው ሳምንት የእኔ ወንበር ተሠርቶ መጣልኝ። አበባ ያለው ጨርቅ ነው የመረጥኩት። ጀርባው ላይ አበቦቹ ተዘቅዝቀዋል።

«አበቦቹ ወደ ታች ነው የሚያድጉት» አልኳት።

«አይቻለሁ፣ ጋሼ። ልቤ እዚያ አልነበረም።» ወንበሩ ላይ ራሷ ተቀመጠችና ነገሩን ሁሉ አወራችኝ። «አባዬ ‹ቅር› ብሎታል። እሱ አልሰማም። ብነግረው፣ አባቴ እያለኝ ጥዬው ሄድኩ ብሎ ይብሰለሰላል። ባልነግረው ደግሞ አባቴ ለልጁ አንድ ቃል የነፈገ ሰው ሆኖ አዳራሽ ሙሉ ሰው ያየዋል። ልንገረው ወይስ ሆድ ይፍጀው?»

ለራሴ ሌላ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ።

«እርስዎ ፍልስፍና ያስተምሩ አልነበር?»

«አስተምር ነበር።»

«ፍልስፍናውስ ምን ይላል?»

«ብዙ ይላል። እርስ በርሱ ግን አይስማማም።»

«እንግዲያው ከእኛ ቤተሰብ አይሻልም» ብላ ተነሳች። ወንበሩን አስተካክላለሁ አለች፤ እኔ ተይው አልኳት። ጀርባዬን የምሰጠው ነገር ወዴት እንደሚያድግ አይታየኝም።

ብቻዬን ስሆን ግን አሰብኩበት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ሰው ስለራሱ የሚወራውን አይሰማም ለማለት ይመስለኝ ነበር። አሁን ሌላ ነገር አየሁበት። ይህ ሰው የአባቱን መልስ በጆሮው ተሸክሞ ኖሯል፤ እንጨት ከቆዳ እስኪለይ ድረስ አንዲት ነገር አልጣለም። የጠፋው ትርጉሙ ነው፤ ትርጉሙ ደግሞ እህቱ ጋ ነበር፣ በሌላ ከተማ፣ ማንም ሳይጠይቀው። ትዝታ የራስ ንብረት ነው እንላለን። ቁልፉን ሌላ ሰው ቤት ረስተን እንደሆነስ?

አንድ እሁድ ጠዋት ዳይሬክተሩ ያለቀውን ፊልም በላፕቶፕ ይዞላት መጣ። «ታላቄ ነሽ፣ አንቺ ሳታዪው ለሰው አላሳይም» አላት። ጠረጴዛው ላይ ከፈተው። እሷ አንድ የባሕር ዳር ሆቴል ወንበር አቅርባ ሥራ ጀመረች፤ አፏንም ሞላች። እሁድ አትሠራም። መናገር እንዳይኖርባት ያደረገችው ነው፣ ኋላ ራሷ እንደነገረችኝ።

መጨረሻው ደረሰ። «አባዬ፣ ልቅር?» ቋ፣ ቋ። ልጁ ጠበቀ። ወጣ።

ዳይሬክተሩ ወደ እህቱ ዞረ። «እትዬ፣ ልክ ነው? አባዬ እንዲህ ነበር አይደል?»

ባለሶፋዋ መዶሻውን አነሳችና የወንበሩን እንጨት መታች። ቋ፣ ቋ። እጇ ነው የመታው፣ እሷ አላዘዘችውም።

«ምንድን ነው እሱ?»

ሚስማሮቹን አንድ በአንድ መዳፏ ላይ ተፋቻቸው። ጊዜ ወሰደባት። «አዎ ማለት ነው» አለች።

«ምኑ?»

«ሁለት ጊዜ እንጨት ላይ። አዎ ማለት ነው። ለእኔ እንዲያ ነበር የሚመልስልኝ።»

ዳይሬክተሩ ላፕቶፑን አየው። ወደ ኋላ መለሰውና እንደገና ከፈተው። «ልቅር?» ቋ፣ ቋ። አቆመው።

«አንድስ?»

«አይሆንም ነው።»

«ያን ማታ ምን አለ?»

«‹ነገርኩት፤ አልሰማኝም› አለ። እኔ እምቢ አለኝ ማለቱ መስሎኝ ነበር።»

«እኔም ለአጎቴ የነገርኩት ይህንኑ ነው» አለ። «መንገድ ላይ ‹አባትህ ምን አለህ?› ሲለኝ ‹አልሰማኝም› አልኩት።»

ላፕቶፑን ዘጋው። ከዚያ እሱ መጥረጊያውን አንስቶ ወለሉን ጠረገ፤ የቀረጻው ጊዜ ሳይጠርጉ ነበር የሄዱት። እየጠረገ «ብቀይረው ሌላ ፊልም ይሆናል፤ ባልቀይረው ደግሞ ዋሸሁበት» አላት።

«አልዋሸህም» አለችው። «የሰማኸውን ነው ያስቀመጥከው። እኔም ያን ማታ ሰምቼው አልገባኝም።»

ለድምፅ ባለሙያው ደውሎ ነገረው። ሰውየው ያለው አንድ ነገር ነው፦ «ሶፋ አይደለም ብዬህ ነበር፣ ጋሼ።»

ፊልሙ ሳይነካ ለሕዝብ ታየ። እኔም ተጋብዤ ነበር፤ ከባለሶፋዋና ከወንድሟ ኋላ ተቀመጥኩ። አዳራሹ ሙሉ ነበር፣ ወንበሮቹም መጥፎ ነበሩ። ባለሶፋዋ ገና ስትቀመጥ ከሥሯ ያለውን በእጇ ዳብሳ «ገለባ ነው የሞሉት» አለች። ሰዉ መጨረሻው ላይ እያለቀሰ ነበር። መሐረብ ሲወጣ፣ አፍንጫ ሲናፈጥ ይሰማኛል። ለልጁ ነው የሚያለቅሱት፤ መልስ አጣ ብለው።

«አባዬ፣ ልቅር?» አለ ልጁ።

ቋ፣ ቋ።

ዳይሬክተሩ ከጨለማው ውስጥ፣ በደንብ በሚሰማ ድምፅ፣ «እሺ» አለ።

ከፊቱ የተቀመጠው ሰውዬ ዞር አለ። «እባክዎ ዝም ይበሉ» አለው፤ «ፊልሙን እንስማ።»