ያልደፋሁት ውሃ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ "ሰነፍኩ፣ ዋሸሁ" ብዬ አልፌዋለሁ። ማንን እንደዋሸሁ አልነገርኳቸውም።

ታላቅ ወንድሜ ምናለ ኩላሊቱን ታሞ ከቡሬ ገጠር ፍኖተ ሰላም መጣ፤ እኔ ከተከራየሁበት ቤት ገባ። የማበስልለት እኔ ነበርኩ። ዶክተሯም ያስረዳችው እኔን ነው፤ የተማርኩት እኔ ነኛ። የደከመ ኩላሊት ፖታሲየም የሚባለውን ነገር ከደም ማስወጣት ያቅተዋል፤ ሲጠራቀም ልብ ያቆማል አለችኝ። ድንች ካማረው አድቅቄ ከትፌ፣ በብዙ ውሃ ቀቅዬ ውሃውን እንድደፋ፣ በሌላ ውሃ እንደገና እንድቀቅል፣ ያንንም ጥቂት ብቻ እንድሰጠው ነገረችኝ። ገብቶኛል አልኩ። ገብቶኝም ነበር።

ያን ሰሞን ቧንቧው ደርቆ ውሃ ከሩቅ ሰፈር በጀሪካን እሸከም ነበር። ምናለ ድንች አማረኝ ያለኝ ቀን ደግሞ ጓደኞቼ ለኳስ እየጠበቁኝ ነበር። የተሸከምኩትን ውሃ ልድፋው? አልደፋሁትም። ድንቹን በተቀቀለበት በዚያው ውሃ ወጥ ሠራሁት። አውቄ ነው።

"ውሃውን ደፋኸው?" አለኝ ሳህኑን ሲቀበለኝ።

"ሁለቴ ነው የደፋሁት፣ አያ።"

"አይ አንተ! ሚስትህ ቁጭ ብላ ልትበላ ነው" ብሎ ሳቀ። "ዛሬስ ጣፍጧል። እስቲ ጨምርልኝ።"

ጨመርኩለት። እንዴት ልበለው... ጨመርኩለት፤ ከዚያ ኳሴን ለማየት ሄድኩ።

ጠዋት እግሬ ከዳኝ አለ። በባጃጅ ሆስፒታል አደረስኩት። ዶክተሯ ምን እንደበላ ስትጠይቀኝ "እንዳዘዙን ነው የቀቀልኩለት" አልኩ። የፊተኛው ስንፍና ነው እንበል። ይሄኛውስ? ወንድሜ አጠገቤ እያቃሰተ፣ ዓይኗን እያየሁ ዋሸሁ። እውነቱን ብናገር ይደርሱለት ነበር? አላውቅም። እንዳላውቅ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ልቡ ቆመ።

ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ "ወንድሙን እንደ እናት ያስታመመ" እያለ መረቀኝ። አሜን ብዬ ተመረቅሁ። እናቴ ዛሬም ቤቷ በሄድኩ ቁጥር እጄን ይዛ ትስመዋለች፤ "ልጄን ያበላ እጅ" እያለች። እኔም እጄን እሰጣታለሁ።

በሽታው ነው የገደለው አትበሉኝ። ይቅርታም ከእናንተ አልለምንም። የምለምነው እናቴን ነው። እሷን ለመለመን ደግሞ መጀመሪያ እጄን ከእጇ ማውጣት አለብኝ፤ ይህንንም እስካሁን አላደረግኩም።