ለፓስፖርት የተነገረ የክርስትና ስም

ልጄ ስድስት ዓመቷ ሳለ ሐኪሞች ልቧ ላይ ክፍተት እንዳለ ነገሩን። ስትሮጥ ከንፈሯ ይጠቁራል። ቁጢጥ ብላ ታለከልካለች፤ ሲለቃት ተነስታ እንደገና ልሩጥ ትላለች። እኔ የከተማችን የቆሰበር ብርድ መስሎኝ ልብስ እደርብላት ነበር።

እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ሕፃናትን ሕንድ ወስደው የሚያሳክሙ ሰዎች ከሚሄዱት ልጆች ጋር አስገቧት። የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእሷን ፓስፖርት። የእኔ ቀደም ብሎ ወጥቷል። የመሄጃው ቀን ተቆርጧል። እስከዚያ ካልደረሰ ቦታዋ ለሌላ ልጅ ይሰጣል። ይህን ሲነግሩኝ አልተቀየምሁም። ያም ልጅ እናት አለው።

ከቀበሌ የልደት ምስክር ወረቀት አወጣን። ኮምፒውተር ቤት ተቀምጠን ኔትወርክ እስኪመጣ ጠበቅን፤ ማመልከቻው ተሞላ፤ ባሕር ዳር የምንቀርብበት ቀን ተሰጠን። አባቷ ሥራውን ጥሎ መምጣት ስላልቻለ መስማማቱን ፈርሞ ሰጠኝ። መንገዱ አንዳንዴ ስለሚዘጋ ቀደም ብለን ተነስተን ዳንግላ እህቴ ቤት አደርን።

ዳንግላ መናኸሪያ ስንወርድ ልጄ በእግሬ እሄዳለሁ ብላ አስቸገረችኝ። አንድ ባለጋሪ ሰማትና፣

«ነይ ውጪ እመቤት፤ ፈረሴ ሰው ካልጫነ ይከፋዋል» አላት።

አምናው ወጣች። ስንደርስ ወደ ፈረሱ ዞር ብላ «አይክፋህ እሺ፤ ስመለስም አለሁ» አለችው። ባለጋሪው እስኪርቅ ድረስ ይስቅ ነበር።

እንደማንኛውም ክርስቲያን ልጅ ሁለት ስም አላት። አንዱ ሰው ሁሉ የሚጠራት ነው። ሁለተኛው በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ የወጣላት ነው፤ እሱን ከቤተሰቡና ከንስሐ አባታችን በቀር የሚያውቀው የለም። ከታመመች ወዲህ ጠበል አመላልሳት ነበር። አባ መስቀላቸውን ይዘው ስሟን ሲጠይቋት መጀመሪያ መጀመሪያ የቤት ስሟን ትናገራለች። እኔም፣

«የቤት ስምሽን አይደለም። ተራሽ ደርሶ ስትጠየቂ የክርስትና ስምሽን ነው የምትናገሪው፤ በሱ ነው የሚጸለይልሽ» እያልሁ አስተማርኋት።

ያዘችው። አጠገቤ ቆማ ስትሰማ የእኔንም ያዘች።

ባሕር ዳር ፓስፖርት ቢሮው በር ላይ ስንደርስ ነጠላዬን አስተካክዬ አማተብሁ። እሷም አማተበች። ሰው ተሰልፏል፤ ሁሉም ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ ዝም ብሏል። ቦርሳዬ ሲፈተሽ ወደ ታች ባይ ልጄ ጎንበስ ብላ ጫማዋን እየፈታች ነው።

«አይ የኔ እመቤት፣ እዚህ በጫማ ነው የሚገባው» አላት ጥበቃው።

ያን ጊዜ ሳቅሁና አለፍሁ። ምን እያሰበች እንደሆነ ልብ ማለት ነበረብኝ።

መስኮቱ ላይ የተቀመጡት ሽበት ያላቸው፣ መነጽር ያደረጉ ሰው ናቸው። ወረቀቶቻችንን አንድ በአንድ አዩ። ሁሉም ደህና ነው። ከዚያ ፈገግ ብለው ወደ እሷ ጎንበስ አሉ።

«ስምሽ ማነው የኔ ቆንጆ?»

ልጄ አንገቷን ደፋ አድርጋ፣ ጥርት ባለ ድምፅ የክርስትና ስሟን ተናገረች።

ሰውየው ወረቀቱን አዩ። እኔን አዩ። ፈገግታቸው ጠፋ።

«እስቲ ድገሚልኝ።»

ደገመችላቸው።

«ይቺ ማናት?»

«እማ ናት።»

«ስሟስ ማነው?»

የእኔንም የክርስትና ስሜን ነገረቻቸው።

ወረቀቱን ገፋ አደረጉት። «እህቴ፣ እዚህ የተጻፈችው ሌላ ልጅ፣ ሌላ እናት ናት። የሰው ልጅ ይዘው የሚመጡ አሉ። እኔ ይህን እንዴት አድርጌ ላሳልፍ?» አሉኝ።

ቀኑ በዓይኔ ላይ መጣ። ዛሬ ከተመለስን ሌላ ቀጠሮ፣ ሌላ መንገድ ነው፤ ልጆቹ ያለእሷ ይሄዳሉ። ድሮም ቃል አይበረክትልኝ። እንደምንም «የክርስትና ስሟን ነው የነገረችዎ» አልሁ። ድምፄ ለእኔም አልተሰማኝ።

ሰውየው እኔን ትተው እሷን ጠየቋት።

«እኔ ማን ነኝ?»

«አባ።»

«ምን ላደርግልሽ ነው የመጣሽው?»

«ሊጸልዩልኝ ነዋ! ልቤን ያመኛል።»

መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጸሎቱን ቆይተን እናያለን» አሉ ቀስ ብለው። «አሁን ትምህርት ቤት ነሽ እንበል። መምህርሽ ስም ሲጠሩ አንቺን ምን ብለው ይጠሩሻል?»

ልጄ ቀጥ ብላ ቆመች። ራሷ እንደ መምህር ሆና የራሷን፣ የአባቷንና የአያቷን ስም ጠራች፤ ራሷ እጇን አውጥታ «አቤት!» አለች። ወረቀቱ ላይ ያለው አንድም አልቀረ።

«ጎበዝ! እናትሽንስ ጎረቤት ምን ብሎ ይጠራታል?»

ይህን ባይጠይቋት ይሻል ነበር። ጎረቤታችን ከቀርከሃው አጥር ማዶ ሆና እንደምትጣራው፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ የቤት ስሜን ጮክ ብላ ጠራችና፣

«ኧረ ውሃ መጣ! በርሜልሽን አውጪ!» አለች።

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ከኋላዬ አንዲት ሴት «ውሃውስ ለእኛም በመጣልን» አለች። ሰውየውም ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ፤ ወረቀቱንም መልሰው ወደራሳቸው ሳቡት።

ፎቶ የምታነሳው ልጅ «አፍሽን ግጠሚ፣ ጥርስሽ እንዳይታይ» ስትላት፣ «ወልቋልኮ!» ብላ ድዷን አሳየቻት። ሦስቴ ተነሳች። በመጨረሻ ከንፈሯን ነክሳ፣ ሳቋን ይዛ ወጣች።

ጨርሰን ልንወጣ ስንል ሰውየው ጠሩን። ከመስኮቱ ጎንበስ ብለው ልጄን፣

«ያንን የመጀመሪያውን ስም እስቲ አንዴ ንገሪኝ። ቤተ ክርስቲያን ስስም አልረሳውም» አሏት።

ነገረቻቸው። አሁን በሹክሹክታ ነበር። እኔ እጅ ነሥቼ ወጣሁ፤ ማመስገንም አልቻልሁ።

ፓስፖርቱ ልጆቹ ሊነሱ ጥቂት ቀን ሲቀረው ደረሰ። አባቷ እጁን ታጥቦ ገለጠው። ፎቶው ላይ ጉንጯ ተነፍቷል፣ ሊያመልጣት የደረሰ ሳቅ። ስሟ፣ የአባቷ፣ የአያቷ ስም አለ። ሌላኛው የለም። እሱ የተጻፈው ሌላ ቦታ ነው ብዬ ተጽናናሁ።

ከልጆቹ ጋር አብሬያት ሄድሁ። የቀዶ ሕክምናው ዕለት ክፍሉ በር ላይ አንዲት ነርስ አስቆመችንና የልጄ እጅ ላይ የታሰረውን ወረቀት እያየች የሆነ ነገር ጠየቀቻት። አስተርጓሚው «ስምሽ ማነው እያለችሽ ነው» አላት። ልጄ አልጋው ላይ እንደተኛች አንገቷን ወደ እኔ መለሰች።

«እማ፣ የትኛውን?»

«የትምህርት ቤቱን» አልኋት። «ያኛውን እኔ እዚህ ሆኜ እናገረዋለሁ።»

በሩ ተመልሶ እስኪከፈት ድረስ ስናገረው ቆየሁ።

አሁን ሦስተኛ ክፍል ናት። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ዳገቱን ቀድማኝ ወጥታ ቁልቁል ታየኛለች፤ «እማ፣ አንቺ ነሽ የምታለከልኪ» ትለኛለች። ተመስገን እላለሁ።

ስጸልይ የረዱንን ሁሉ በየስማቸው አነሳለሁ። የዚያን ሰው ግን የክርስትና ስማቸውን አልጠየቅሁም። የቤት ስማቸውንም አላውቅ። «ያ መስኮት ላይ የነበረው ሰው» እላለሁ። እሱ ፈጣሪ ያውቃቸዋል።