ድምፅ ያጣሁበት ጥቅምት

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ጌታ ይባረክ! ዛሬ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ብዬ መድረክ መሪውን ዐሥር ደቂቃ ለምኜዋለሁ። «አንቺና ዐሥር ደቂቃ?» ብሎ ሳቀብኝ። እውነቱን ነው፣ ማይክ ስይዝ ታውቁኛላችሁ። ዛሬ ግን አጭር ነኝ። ድምፄም እንደምትሰሙት እንደ ድሮው አይደለም፣ ትንሽ ወፍሯል። የተረፈኝ ይሄ ነው፣ ለዚህም ክብር ለስሙ ይሁን!

ለማታውቁኝ፣ መምህርት ነኝ። እዚሁ አራዳ ውስጥ አራተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ወላጆቼ አማኞች ስለሆኑ የጌታን ቤት ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ስለዚህ የእኔ ምስክርነት ከሱስ ወይም ከውቤ በረሃ መጠጥ ቤት የወጣሁበት ታሪክ አይደለም። እኔን ጌታ ያወጣኝ ከጸሎት ቡድን መሪነት ነው። ሳቁ፣ ሳቁ፤ እኔ ግን የምሬን ነው።

ሰኞ የሴቶች ጸሎት፣ ረቡዕ የመዘምራን ልምምድ፣ ዓርብ የጸሎት ቡድን፣ ቅዳሜ የወጣቶች ትምህርት። ከትምህርት ቤት እሮጣለሁ፣ ራስ መኮንን ድልድይ ጋ ቤቴ ገብቼ ቦርሳ ቀይሬ ደግሞ ወደ ላይ ወደዚህ እሮጣለሁ። ባለቤቴ ዳንኤል «አንቺ እኮ ከሳሎን ወደ ጓዳ ስትሄጂም ታክሲ የሚያመልጥሽ ትመስያለሽ» ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ «ለጌታ ነው» እላለሁ። ሰዉም «እሷ ስትጸልይ ጣሪያው ይነሳል» ይል ነበር። ያንን መስማት እወድ ነበር። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ከጸሎቱ ይበልጥ ያንን መስማት እወድ ነበር።

አንድ የምናዘዘው ነገር አለኝ። በጸሎት ቡድናችን ውስጥ እማማ ጥሩነሽ አሉ። ሰማንያን ያለፉ እናት ናቸው፣ ሁላችን ስንጮህ የእሳቸው ከንፈር ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ነሐሴ ላይ አንድ ዓርብ ጸሎቱን አቋረጥኩና በሰው ሁሉ ፊት «እማማ፣ ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ እንጂ! ጸሎት እንዲህ ተኝቶ አይሆንም!» አልኳቸው። «እሺ ልጄ» ብለው አንገታቸውን ደፉ። እኔም ቀጠልኩ። እቤቴ ስገባ ነገሩን ረስቼዋለሁ።

መስከረም ትምህርት ተከፈተ፣ ጉሮሮዬ ይከረክረኝ ጀመር። ማር፣ ዝንጅብል፣ ከረሜላ፣ ያልሞከርኩት የለም። እምቢ ብዬ እጮሃለሁ። መስቀል አልፎ አንድ ሰኞ ጠዋት ክፍል ገብቼ «እንደምን አደራችሁ» ልል አፌን ስከፍት አየር ብቻ ወጣ። ልጆቹ የምቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ምንም የለም። ያኔ ሳቃቸውን አቆሙ።

ሐኪሙ በአፍንጫዬ ቀጭን ካሜራ አስገብቶ አየ። «የድምፅ አውታርሽ አብጧል፣ ብዙ ደክሟል» አለኝ። «ለአንድ ወር አንድ ቃል እንዳይወጣሽ። ማንሾካሾክም ክልክል ነው። ካልቀነሰ ኦፕራሲዮን ነው፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ድምፅሽ እንደነበረ ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባልሽም።» ወረቀት ላይ «መጸለይስ?» ብዬ ጻፍኩለት። መነጽሩን አውልቆ አየኝና «ጸሎት ድምፅ ይፈልጋል እንዴ?» አለኝ። ርእሰ መምህሩም ደግ ሰው ነው፣ ግን ቁርጡን ነገረኝ፦ «እስከ ኅዳር እጠብቅሻለሁ። ከዚያ ካልሆነ መዝገብ ቤት አዛውርሻለሁ፣ ምን ላድርግ?» ዐሥራ ስምንት ዓመት ከልጆች ጋር ኖሬ መዝገብ ቤት! እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

በማግስቱ ዳንኤል ሥራ ሄደ፣ እኔ ስለ ፈውሴ ልጸልይ ተንበረከክሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ወገኖቼ፣ ባዶ! አንድ ነገር አልመጣልኝም። ለካ የሚሰማኝ ሰው ከሌለ ለእግዚአብሔር የምለው የለኝም! ያን ቀን ከጉሮሮዬ ይልቅ ይሄ አስደነገጠኝ።

በሦስተኛው ቀን በር ተንኳኳ። እማማ ጥሩነሽ ናቸው። ከድልድዩ በታች ካለው ቤታቸው እያረፉ ነው የመጡት። አልተቀመጡም፣ አልመከሩኝም። «ነጠላሽን ልበሽ፣ ፀሐይ አለች» አሉኝና ይዘውኝ ወጡ።

እኔ በዐሥር ደቂቃ የምሮጠውን የፒያሳ ዳገት አንድ ሰዓት ሙሉ ሄድንበት! ፀሐይ ያረፈበት ግድግዳ ባገኙ ቁጥር ይቆማሉ። ዝናቡ ወጥቷል፣ ነፋሱ ቀዝቀዝ ብሏል፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። አንድ ቦታ ቆመው በከዘራቸው ወደ ሰሜን አሳዩኝ፤ እንጦጦ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አርባ ዓመት በዚያ መንገድ ስመላለስ እንጦጦ ከዚያ እንደሚታይ አላውቅም ነበር። የአንዱን ወርቅ ቤት ጥበቃ «የባለቤትህ እግር እንዴት ሆነላት?» ይሉታል፣ ጥቂት እንደሄድን ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ያኔ ገባኝ፤ እየጸለዩላት ነው። ሴትዮዋ ለፒያሳ በሙሉ እየጸለዩላት ነው የሚሄዱት! ጌታ ሆይ፣ እንዲህ ዓይነት ሰው አጠገባችን ተቀምጦ አላየነውም!

ኬክ ቤት ገብተን ሁለት ማኪያቶ በጣቴ አዘዝኩ። አስተናጋጁ ያውቀኛል፣ «መምህርት፣ ዛሬ ተኳርፈናል እንዴ?» አለኝ። እማማ «ጾም ይዛለች» አሉት። «የምን ጾም?» «የወሬ።» እሱም ፈጠን ብሎ «ምነው ይሄንን ፒያሳ በሙሉ በያዘው!» አለ። ያለ ድምፅ መሳቅ እንዴት እንደሚከብድ አልነግራችሁም።

እንዲህ እያልን ሳምንታት አለፉ። አንድ ጠዋት ግድግዳ ተደግፈን ፀሐይ ስንሞቅ፣ በልቤ «ጌታ ሆይ፣ አለሁ» አልኩት። ሌላ ቃል አልነበረኝም። ጣሪያ አልተነሳም። ግን ስለ እሱ ስንት ዘመን ስለፈልፍ የኖርኩት ጌታ እዚያው አጠገቤ እንዳለ፣ ቸኩሎም እንደማያውቅ፣ ገባኝ። ሃሌሉያ! እኔ ጌታን ያገኘሁት ያን ቀን ነው ብል አልዋሸሁም።

ወሩ ሞላ፣ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ካሜራውን አስገብቶ ብዙ ቆየ፣ እኔ የወንበሩን እጀታ ጨብጬ ቀረሁ። «በጣም ቀንሷል፣ ኦፕራሲዮን አያስፈልግሽም» አለኝ። «በይ እስቲ ቀስ ብለሽ ስምሽን ተናገሪ።» ስሜን ተናገርኩ። በዚህ በወፍራም ድምፅ ወጣ! እግዚአብሔር ይመስገን! ሐኪሙ «ያዳነሽ ዕረፍቱ ነው» አለ። እኔም አሜን አልኩ፣ ዕረፍቱን የሰጠኝ ማን ሆነና!

ከዚያ ቀጥታ እማማ ጥሩነሽ ቤት ሄጄ ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ። «እማማ፣ ነሐሴ ላይ ሰው ፊት አሳፍሬዎታለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። ጎትተው አነሡኝ። «ያን ቀን ስለ ምን እየጸለይኩ እንደነበር ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «አላውቅም።» «ስለ ጉሮሮሽ ነዋ። ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ሲሻክር እሰማው ነበር። ‹ይህቺ ልጅ ሳትሰበር አሳርፋት› እያልኩት ሳለ ከፍ አድርጊው ትዪኛለሽ! ምን ብዬ ከፍ ላድርገው?» ብለው ሳቁ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም፣ አለቀስኩ።

ወገኖቼ፣ ዛሬ ክፍሌ ተመልሻለሁ። ቀስ ብዬ ስናገር ልጆቹም ቀስ ይላሉ። የጸሎት ቡድኑን መሪነት ጨምሮ ከአገልግሎቱ ሦስቱን ለሌሎች ለቅቄያለሁ፣ ከእኔ በተሻለ ይዘውታል። ዓርብ ዓርብ እማማ ጎን እቀመጣለሁ። ድምፅሽ መቼ ነው ሙሉ በሙሉ የሚመለሰው ብላችሁ የምትጠይቁኝ አላችሁ። አላውቅም፤ የያዘውን ጌታ ግን አምነዋለሁ።

አንተም ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ ሩጫው የደከማችሁ፣ በዚህ ጌታ ታመኑ። ብትቆሙ ጥሏችሁ አይሄድም። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እኔና እማማ ከድልድዩ እንነሳለን። የምትመጡ ኑ፣ ብታረፍዱም ግድ የለም፣ እማማ ገና የመጀመሪያው ግድግዳ ጋ ቆመው ታገኟቸዋላችሁ። ተባረኩልኝ።