የቀለጠው አርማ

ግመሉ ምንም አልሆነም። የተጎዳችው መኪናዋ ናት። ሾፌሩ አብዱባ ከሊበን ገጠር መንገደኛ ጭኖ ሲመለስ መንገዱን ዘግተው በቆሙ ግመሎች ላይ ክላክሱን ለቀቀው፤ አንደኛው ግመል ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ የኋላ እግሩን ሰነዘረና የመኪናዋን አፍንጫ አገኘው። ነገሌ ሲደርስ አሠሪው ብዙወርቅ በር ላይ ቆማ ነበር። ራዲያተሩ ላይ ያለው ክብ አርማ፣ ባሏ ቅዳሜ ቅዳሜ በአመድና በሎሚ ይፈትገው የነበረው፣ ከቀይ መደቡ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ተፈንቅሎ መዳቡ አግጥጧል።

«እትዬ፣ ግመል ነው» አለ አብዱባ።

«እሱማ ግመል ነው። አንተ ምንድን ነህ?»

መልሱን ሳትጠብቅ ወደ አርማው ጎንበስ አለች። ነገሩ የአርማ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተቆጥታ፣ ተሳድባ፣ ሻይዋን ጠጥታ ትረሳው ነበር። የአርማ ብቻ ግን አልነበረም።

ባሏ ሻምበል ባሻ ገብረወልድ ከወሎ አምጥቶ ነገሌ ጦር ሰፈር አጠገብ ያስቀመጣት ገና ልጅ ሳለች ነው። መኪናዋን ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣሊያን ገዛት። ጡረታ ሲወጣ ሰው እየጫነባት ቤቱን ያስተዳድር ጀመር። ሲታመም ብዙወርቅ አስታመመችው፤ ሲሞት ቀበረችው። ልጅ አልወለዱም። ይህን ያወቀ ወንድሙ በላይነህ ከክብረ መንግሥት መጥቶ፣ ገና የለቅሶው ድንኳን ሳይነሣ፣ መኪናዋን እየዞረ ያያት ጀመር። ወንድሙ አልጋ ላይ ሲማቅቅ መንገዱ ርቆት የነበረ ሰው፣ ለመኪናዋ ሲሆን መንገዱ ቀረበው።

«ሴት ለኪራይ አውላ ቁርጥራጭ ታደርጋታለች» ብሎ ሽማግሌ ሰበሰበ።

ሽማግሌዎቹን የመሩት ግራዝማች ፍስሐ ነበሩ። የብዙወርቅን ሠርግ የመረቁ፣ ከተማው ሁሉ ብድግ ብሎ የሚያሳልፋቸው ሰው ናቸው። እንዲህ ብለው ፈረዱ፦ እስከ ሙት ዓመቱ ብዙወርቅ መኪናዋን እያሠራች ትብላ፤ በዚያ ቀን መኪናዋ ሟች እንደተዋት ምንም ሳይጎድላት ከቆመች የእሷ ትሁን፤ ከጎደለባት በላይነህ ይውሰዳት።

ፍርድ ተብሎ ተጨበጨበለት። ባሏን ያስታመመች ሴት በገዛ ቤቷ ፈተና ላይ ተቀመጠች፤ ዞር ብሎ ያላየው ወንድም ፈታኝ ሆነ። ‹አንተስ ለወንድምህ ምን አደረግህለት?› ብሎ በላይነህን የጠየቀ አንድ ሽማግሌ አልነበረም።

እንግዲህ ግመሉ የሰበረው ይህን ነው። ብዙወርቅ አርማውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ የሚጠግን ሰው ፍለጋ ወጣች። መጀመሪያ የገባችው ብር ሠሪው ዓብዱልሀኪም ዘንድ ነው። አገላብጦ አየው።

«ይሄ ቀለም አይደለም። መስታወት ነው። እንደ ሻይ ማንቆርቆሪያሽ ማለት ነው፤ የመስታወት ዱቄት መዳቡ ላይ ተነስንሶ ከባድ እሳት ውስጥ ገብቶ የቀለጠ። የኔ ከሰል ለብር ነው የሚሆነው። ዱቄቱም የለኝ። አልችልም።»

«ሞክረውና።»

«በሰው ዕቃ አልሞክርም።»

ተናዳ ወጣች። የናቃት መሰላት። ሴት ስለሆነች፣ ባል ስለሌላት፣ ትንሽ ሥራ ስለሆነ የገፋት መሰላት። በነገሌ ከተማ ‹አልችልም› የሚል ሰው ስላልለመደች እውነቱን የነገራትን ሰው ጠላችው። ከእሱ ቀጥሎ የጠየቀቻቸው ሁሉ ‹ቀላል ነው› አሏት። ማንቆርቆሪያ የሚበይደው ‹ቀላል ነው› አለ። የጎማ ቤቱ ሰውዬ ‹ይሄማ ምን አላት፣ ቀይ ቀለም ጠብ ነው› አለ። ዕቃውን እንኳ ሳይቀበሏት ነው ቀላል ነው የሚሉት። አገሩ በ‹ቀላል ነው› የተሞላ ነው፤ ድልድዩ የሚሰበረው፣ ጣራው የሚያፈሰው፣ የተበየደው ማንቆርቆሪያ ምድጃ ላይ የሚፈታው በ‹ቀላል ነው› ነው። ለእነዚህ እንኳ አልሰጠችም።

ከሚደበቅ ይነገር ብላ ግራዝማች ፍስሐ ቤት ሄደች። ግራዝማች አርማውን ዓይናቸው አጠገብ አድርሰው መለሱላት።

«ለዚህ ነው እንዴ ፊትሽ የጠቆረው? ያቤሎ ከተማ ሙሉነህ የሚባል ልጅ አለ። ለእንዲህ ያለው ነገር ከእሱ የሚበልጥ የለም። ግራዝማች ልከውኛል በይው፤ አይንቅሽም።»

ጉልበታቸውን ስማ ወጣች። ጨው ሊጭን ወደ ዱብሉቅ በሚወርድ ባዶ የጭነት መኪና ተሳፍራ፣ አቧራ ስትቅም ውላ ያቤሎ ደረሰች።

የሙሉነህ ቤት ንጹሕ ነበር። ከመጠን በላይ ንጹሕ። ጠረጴዛ፣ ሞረድ፣ ጥቂት ብሩሽ፣ ግድግዳው ላይ በቀለም የተጻፉ የሱቅ ስሞች። ብዙወርቅ ዓይኗ ዞሮ ዞሮ እሳት ፈለገ። ምድጃ የለም። ከሰል የለም። ያ ብር ሠሪ ‹ከባድ እሳት› ያለው ነገር ትዝ አላትና ጥያቄው ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ፦ እሳትህ የት ነው? ከዚህ በፊት የሠራኸውን አንድ ነገር አሳየኝ።

«ግራዝማች እንዴት ናቸው?» አለ ሙሉነህ። «እኔ እንደ አባት ነው የማያቸው። እሳቸው የላኩት ሰው እኔ ዘንድ እንግዳ አይደለም፤ እኅቴ ነሽ።»

ጥያቄውን ዋጠችው።

እንዴት ትጠይቀው? እሱን መጠየቅ ግራዝማችን መጠየቅ ነው። ግራዝማች የላኩትን ባለሙያ ‹አሳየኝ› ያለች ሴት ነገሌ ሳትመለስ ስሟ ቀድሟት ይገባል። ይሉኝታ ይሉታል፤ ጨዋነት ይሉታል። አንገት ላይ የሚታሰር ገመድ ነው። ሞኝ እንዳልነበረች ይታወቅ፤ ቤቱ ውስጥ እሳት አለመኖሩን በዓይኗ አይታለች። አይታ ነው ዝም ያለችው።

«ቀላል ነው» አለ ሙሉነህ። «ከነገ ወዲያ ነይ።»

በቀጠሮዋ ስትመጣ አርማው ያበራል። ቀዩ ሙሉ ነው፤ ስንጥቅ የለው፣ ስብራት የለው። እንዲያውም ከድሮው ይበልጥ ደመቀ። አገላብጣ አይታ ሳመችው። ሙሉነህንም መረቀችው፤ ይህን ምርቃት በኋላ ቃል በቃል እያስታወሰች ስትቃጠልበት ኖራለች።

አብዱባ አርማውን ቦታው ላይ አሰረው። ሙት ዓመቱ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው፣ ፀሐዩ ድንጋይ በሚሰነጥቅበት ቀን፣ መንገደኛ ይዘው ከከተማ ወጡ። ብዙወርቅም ከፊት ተቀምጣለች። ዳገቱ ላይ ራዲያተሩ ፈላና ቆሙ። አብዱባ ውሃ ሊጨምር ወርዶ ኮፈኑን ሳይከፍት ቀረ።

«ምንድን ነው?» አለችው።

በጣቱ ወደ መኪናዋ አፍንጫ ጠቆመ። ከኋላ የነበረው የቡና ነጋዴ ወርዶ አየና በሣቅ ጎበጠ።

«እትዬ ብዙወርቅ፣ መኪናሽን ነሰራት።»

ወረደች። ቀዩ ከአርማው እየተንጠባጠበ በራዲያተሩ ፍርግርግ ላይ ይወርዳል። በጣቷ ነካችው፤ ትኩስ ነው፤ ይጣበቃል። አሸተተችው። ሽታውን ታውቀዋለች። ባሏ የአደራ ደብዳቤ ሲልክ ፖስታ ቤት የሚያሽጉበት ቀይ ሰም ነው። ሙሉነህ የማኅተም ሰም አቅልጦ ሞልቶላታል። ሰሙ ሲወርድ ከሥሩ ያለው ታየ። ያልተሰበረውን፣ ደህና የነበረውን ቀይ መስታወት ሁሉ፣ ሰሙ እኩል እንዲተኛለት ሲል እስከ መዳቡ ሞርዶ ጨርሶታል። ግመሉ የጥፍር ያህል ነበር የሰበረው። ባለሙያው ሙሉውን አጠፋው።

ነጋዴው ሣቁን ዋጠ። ፊቷን አይቶ ነው።

ያቤሎ ለመመለስ ጊዜ አልነበረም፤ ብትመለስስ የተሞረደ መስታወት አይበቅል። ሙት ዓመቱ ደረሰ። ተዝካሩ ተበልቶ ሰው ሲበተን ሽማግሌዎቹ ግቢው ውስጥ፣ መኪናዋ ፊት ለፊት ወንበር ይዘው ተቀመጡ። ግራዝማች ተነሥተው ዞሯት። ጎማዋን በከዘራ ነካ አደረጉ፣ በሯን ከፍተው ዘጉ፣ መቀመጫዋን ዳሰሱ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ መጡ። አፍንጫዋ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ቦታው ባዶ ነው።

«የት ሄደ?»

ብዙወርቅ ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ሽማግሌዎቹ ፊት ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ጠርዙ ላይ ቀይ ሰም የደረቀበት ራቁት መዳብ።

በላይነህ ፈገግ አለ። «እንግዲህ ምስክር አያስፈልግም። የወንድሜን ንብረት እንዲህ አድርጋ ነው የያዘችው።»

«ማነው እንዲህ ያደረገው?» አሉ ግራዝማች።

«ሙሉነህ።»

«የቱ ሙሉነህ?»

«አንቱ የላኩኝ።»

ግራዝማች ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። ብዙወርቅ ግን አልተቀመጠችም።

«ግራዝማች፣ የዚህን ሰው ሥራ በዓይንዎ አይተው ያውቃሉ?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አስተማሪው ሥዩም፣ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ቀስ በይ እንጂ ብዙወርቅ። ግራዝማችን እኮ ነው የምታናግሪው።»

«ማንን እንደማናግር አውቃለሁ። እሳቸውን ባላውቅ ኖሮማ አርማውን አላስሞርድም ነበር።»

«ጎበዝ ነው ሲባል ሰምቻለሁ» አሉ ግራዝማች።

«ማን ሲል?»

ግራዝማች ከዘራቸውን አዩ። «እሱ ራሱ ነው ያጫወተኝ። መንገድ ላይ መኪና ተበላሽቶብን ያቤሎ ያደርን ጊዜ። ሰው አክባሪ ልጅ ነው።»

አብዱባ ከመኪናዋ ኋላ ሆኖ «እኛ ጥጃ ስንገዛ እንኳ አፉን ከፍተን እናያለን» አለ፤ ለራሱ እንደሚያወራ ሆኖ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ።

«አንቺስ አፍ የለሽም?» አሉ ግራዝማች ወደ ብዙወርቅ ዞረው። «‹ሥራህን አሳየኝ› ማለት ያቅታል?»

«ብዬው ቢሆን ኖሮ ወሬው አንቱ ዘንድ ቀድሞኝ ይደርስ ነበር። ‹ግራዝማችን አላመነችም› ትሉኝ ነበር፤ እዚህ የተቀመጣችሁት ሁላችሁም። ካልኩት ባለጌ ነኝ፤ ካላልኩት ሞኝ ነኝ። የቱን ልሁንላችሁ?»

ግራዝማች ተንጠራርተው መዳቡን አነሡ፤ መልሰው አስቀመጡት።

«እንግዲህ» አሉ፣ ድምፃቸውን አለዝበው፣ «ነገሩ የማንም ጥፋት አይደለም። ዕድል ነው። መኪናዋ ከዚህች በቀር ደህና ናት፤ ለብዙወርቅ ትጽና። በላይነህ፣ አንተም እለፈው።»

ሰዉ ሁሉ ተነፈሰ። ምርቃት ሊጀመር ነው። ሥዩም ጎንበስ ብሎ «በይ ጉልበታቸውን ሳሚ» አላት።

የፈለገችው እጇ ገብቷል። እዚያች ላይ ዝም ብትል ኖሮ ሁሉም ነገር ያልቅ ነበር።

«የማንም ጥፋት ካልሆነ አልቀበልም» አለች።

«እንግዲያው እኔ እቀበላለሁ» አለ በላይነህ።

«ዕድል አይሞርድም። መጀመሪያ የሰበረው ግመል ነው፤ ግመሉን ያስቆጣው የኔ ሾፌር ነው፤ አልደበቅኩም። እሳት የሌለበት ቤት አይቼ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ፤ ይሄንንም በፊታችሁ እናገራለሁ። ግራዝማች ያደረጉትን ግራዝማች ይናገሩ። ካልተናገሩ ነገ ደግሞ ሌላዋን ባልቴት ይልኩለታል።»

«ብዙወርቅ፣ መኪናዋን ልታጪያት ነው» አለ ሥዩም በሹክሹክታ።

«ልጣት።»

በላይነህ ወንበሩን ወደፊት ሳበ። የግራዝማች ግንባር ላይ ላብ ወጣ፤ በመሐረባቸው ጠረጉት። በዕድሜያቸው ብዙ ሰው አስታርቀዋል፣ ብዙ ጥፋተኛ አናዝዘዋል፤ እንዲህ ዓይነቱ ወንበር ላይ ግን ተቀምጠው አያውቁም።

«ሳላይ ነው የላክሁሽ» አሉ በመጨረሻ። «ሰው ሲጠይቀኝ አላውቅም ማለት ይከብደኛል። ጥፋቱ የኔ ነው። መኪናዋም ያንቺ ናት፤ አርማዋን ያጎደልኩት እኔ ስለሆንኩ በእሱ የሚጠይቅሽ የለም።»

በላይነህ አፉን ከፈተ፤ ግራዝማች በእጃቸው አስቆሙት። ብዙወርቅ እጅ ነሣች። ጉልበት ግን አልሳመችም።

ነገሌ ይህን ነው ያወራው። የሙሉነህን ሞረድ ማንም አላነሣም፤ የሙሉነህ ሱቅ እንደተከፈተ ኖረ። የተወራው ጉልበት ያልሳመችው ሴት ነው። እድር ላይ ሲያዩዋት ዞር የሚሉ መጡ። እሷም ዞር አለችላቸው። መኪናዋ አፍንጫዋ ባዶ ሆኖ መንገደኛ ስታመላልስ፣ ብዙወርቅ ለጎማ ብትሄድ፣ ለብየዳ ብትሄድ፣ ለጣራ ጠጋኝ ብትሄድ የመጀመሪያ ቃሏ አንድ ሆነ፦ አሳየኝ። አንዳንዱ ተሳደበ፤ አብዛኛው ተቀየመ።

ዕቃ ልትገዛ አዲስ አበባ በወጣች ጊዜ መዳቡን ይዛ ፒያሳ ከአንድ ሽማግሌ ወርቅ ሠሪ ሱቅ ገባች። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው አዩት።

«ማነው እንዲህ የገደለው?»

«ባለሙያ ነው። አንቱስ ይችላሉ?»

«እንችላለን።»

«እሱም እንዲሁ ነው ያለኝ። የሠሩትን ያሳዩኝ።»

«ልጄ፣ እዚህ አደባባይ ላይ ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የምሠራው። አታምኝኝም?»

«አላምንዎትም» አለች ብዙወርቅ። «ያሳዩኝ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያም መጋረጃውን ገልጠው ወደ ጓዳ ገቡ። ልጃቸው ወንበር አቀረበላት። አልተቀመጠችም፤ መዳቡን እንደጨበጠች ቆማ ጠበቀች።