ከስፌቶቹ ጀርባ ያለው ግድግዳ

ዛሬ አማቴ ሳሎናችን ውስጥ የተሰቀሉትን ስፌቶች በገዛ እጃቸው አወረዷቸው። ከጀርባቸው ግድግዳው እንደ ከሰል ጠቁሯል።

ነገሩ የጀመረው ጠዋት ክሊኒክ ነው። ልጄ ማርታ ሳሏ ብሶባት፣ ደረቷ እያፏጨ ወሰድናት።

ሐኪሟ «ቤታችሁ የሚረጥብ ግድግዳ አለ?» ስትለኝ «ኧረ የለም!» አልኩ በኩራት። አማቴ ቶሎ ብለው ወሬውን ወደ ማርታ ምግብ አዞሩት።

ጀጎል ውስጥ ያለው ቤታችን የድንጋይ ነው፤ ለካ በክረምት ከተቀደደው አሸንዳ የሚወርደው ውሃ ወደ ግድግዳው ይሰርጋል። አማቴ ደግሞ እድፍ ባዩ ቁጥር አንድ ስፌት ገዝተው ይሰቅሉበት ኖሯል።

እኛ ለባህል ያላቸውን ፍቅር ስናደንቅ ከረምን። እንግዳው ሁሉ እዚያ ቆሞ ፎቶ ተነስቷል።

«እማማ፣ ምነው ሳይነግሩን?»

«ሰው ፊት እንዳታፍሩ ብዬ ነዋ! ሻጋታ ልጅ ያሳምማል ብሎ ማን ነገረኝ?» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ማርታ የምትተኛው እዚያው ግድግዳ ሥር ነበር።

ሐኪሟ እንዳለችው ሻጋታ ሳል ያባብሳል፣ አስምም ይቀሰቅሳል። በበረኪና ማጠብ ብቻውን አይበቃም፤ ውሃው የሚገባበት ካልተደፈነ ተመልሶ ይመጣል። ማርታን ወደ እኛ ክፍል አዛውረናታል፤ አሸንዳ ሠሪም ጠርተናል።

ማምሻውን ጎረቤታችን ብቅ ብላ ባዶውን ግድግዳ አየች። «ሱብሃነላህ! ተዘረፋችሁ እንዴ?»

«አንቺም ሂጂና ያንቺን አውርደሽ እዪ» አሏት አማቴ።

አልሳቀችም። ሻይ እንኳን ሳትጠጣ ወደ ቤቷ ሄደች።

እናንተስ? ስፌትም ይሁን ካላንደር ወይም ቁም ሳጥን፣ መጀመሪያ አንሱና ጀርባውን እዩ፤ ከዚያ ያገኛችሁትን ጻፉልኝ።