ብቻን የማይከፈት ወሬ

«ተቀበሉን!»

እህቴ ከደሴ የላከችው ቮይስ እንዲህ ብሎ ነው የሚጀምረው። ከዚያ በኋላ ያለው ሳቅ ነው፤ ትንሽ ለቅሶም አለበት፤ ከኋላዋ ደግሞ የታክሲ ረዳት «ፒያሳ! ፒያሳ!» እያለ ይጮኻል።

እናቴ ግራ ገባት። «እነማን ናቸው የተቀበሏት? የት ሄዳ?»

«እማ፣ መጽሔቱ ነው! ጥናቷን ተቀበላት!»

«አልሐምዱሊላህ!» ብላ እልልታውን ለቀቀችው። ጎረቤታችንም «በእስጢፋኖስ! መጽሔት ደግሞ እንግዳ ይቀበላል እንዴ?» እያለች አብራት እልል አለች። ጎረቤታችን ቮይሱ ከመከፈቱ በፊት ነው ተጠርታ የመጣችው። ለምን እንደተጠራች እነግራችኋለሁ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው።

እህቴ ደሴ ላይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ታስተምራለች። ትምህርቷ በአማርኛ «የመረጃ ሥርዓት» ይባላል። ያጠናችው በአርዲቦ ሐይቅ ዙሪያ ስላሉ እናቶች ነው፤ ልጆቻቸው ዓረብ አገር ናቸው። በስልክ የሚመጣላቸውን ወሬ እንዴት ይሰሙታል? እንዴትስ ያምኑታል? ይህን ነው የጠየቀችው። ጥናቱ መጽሔት ላይ ካልወጣ ሦስተኛ ዲግሪዋ እንደተንጠለጠለ ይቀራል።

መጽሔቱ ደግሞ በቅርቡ አዲስ ደንብ አወጣ። ስለ ሰዎች የተጠና ጥናት ሁሉ በእነዚያው ሰዎች ቋንቋ አጠር ያለ ማጠቃለያ ይኑረው፤ ይነበብላቸው፤ «አዎ፣ ይህ እኛ ነን» ካላሉ ጥናቱ አይወጣም። ይህን ስትነግረኝ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ባሕር ማዶ ያለ መጽሔት የአርዲቦን እናቶች «ልክ ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል!

እህቴ ማጠቃለያውን ጻፈችና ባጃጅ ይዘን ወደ አርዲቦ ወጣን። ሴቶቹ ዛፍ ጥላ ስር ተሰብስበው ጠበቁን። ባለፈው ስታነጋግራቸው ወደዋት ስለነበር እያገላበጡ ሳሟት። እሷም ጉሮሮዋን ጠርጋ ጀመረች፤ «ይህ ጥናት በአካባቢው ያለውን የመረጃ ሥርዓት...»

አንዷ ሻርፗን ወደ አፏ ሳበች። ሌላዋ «እኔ መረጃ የለኝም» አለች። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት እናት ዓይናቸውን አጥብበው፣ «ልጄ ሳዑዲ መሆኑን ማን ነገረሽ?» አሉ።

«ኧረ አንቱ ነዎት የነገሩኝ! እዚሁ ቁጭ ብለን!»

«ያኔ መረጃ መሆንሽን መቼ አወቅሁ!»

እኔ ሳቄ መጣ፤ ግን የሚያስቅ አልነበረም። እዚያ «መረጃ» ማለት ማን ምን አለ፣ ማን የት ሄደ እያለ የሚከታተል ሰው ነው። ልጆቹ ደግሞ ያለ ወረቀት በበረሃ የሄዱ ናቸው። የትኛዋ እናት ናት ለመረጃ አፏን የምትከፍት?

ስንመለስ እህቴ ባጃጁን አስቁማ ሐይቁ ዳር ተቀመጠች። «አለቀልኝ» አለች። «የትምህርቱ ስም እኮ ነው! ምን ልበለው?»

«ልክ ስንደርስ ምን አሉሽ?»

«ወሬ አለሽ ወይ አሉኝ።»

«እኮ!»

«ወሬ ብዬ መጽሔት ላይ? ሐሜት እኮ ነው የሚመስለው!»

«ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሐሜት ነው። እዚህ ወሬ ወሬ ነው።»

ጠጠር አንስታ ውሃው ላይ ወረወረች። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ። «ምላስሽ እንዲህ ከሆነ አንቺው ጻፊው!»

እኔ! ድርሰት ጻፉ ሲባል «ከላይ እንደተገለጸው» ብዬ የምጀምረው እኔ፣ ከላይ ምንም ሳይገለጽ! ቤት ገባሁና ወረቀቱ ላይ አፈጠጥኩ። እናቴ ምስር እየለቀመች፣ «መጻፉ ካቃተሽ ለእኔ አውሪኝ» አለችኝ። እያወራሁ ጻፍኩ። «ልጅ ባሕር ማዶ ሲሆን ወሬው በምን ይመጣል?» የሚለው የመጀመሪያው መስመር ነበር። እናቴ «ቀጥዪ» ስትል እቀጥላለሁ፤ ዝም ስትል እሰርዛለሁ። ስጨርስ ወረቀቱ የእኔን ድምፅ ይመስል ነበር። ወላሂ፣ እንዲህ መጻፍ እንደሚቻል አላውቅም ነበር።

በሁለተኛው ጉዟችን ያነበብኩት እኔ ነኝ። እህቴ እጇን እያፍተለተለች ከጎኔ ተቀምጣለች። ሴቶቹ መጀመሪያ ተኮሳትረው ነበር፤ «ወሬ» ሲሰሙ ግን ትከሻቸው ላላ አለ። ከዚያማ ማን ያስቆማቸው! «እሱስ እውነት ነው!» «እዚያ ላይ ድገሚው!» አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ «ስልክ ስለማይዳረስ ቮይሱን ከጎረቤት ጋር ይሰሙታል» የሚለው ላይ ስደርስ፣ እኚያ እናት እጃቸውን አነሱ።

«ስልክማ ሞልቷል» አሉ። «ልጄ፣ መርዶ ለሰው ብቻውን ይነገራል?»

«አይነገርም።»

«ቮይስ ሲመጣ መርዶ ይሁን ደህና ወሬ፣ ሳይከፈት ይታወቃል?»

«አይታወቅም።»

«እንግዲያ ሰው ሳልጠራ ልክፈተው?»

እናቴ ትዝ አለችኝ። ከእህቴም ሆነ ዓረብ አገር ካለው ወንድሜ ቮይስ በመጣ ቁጥር በአጥሩ ላይ «እትዬ፣ ነይማ!» ብላ ጎረቤታችንን ትጣራለች። ክርስቲያኗ ጎረቤታችንም ልጇ ዱባይ ናትና ስልኳን ይዛ ወደ እኛ ትመጣለች። እኔ ጨዋታ ወደው ይመስለኝ ነበር! ለካ ክፉ ወሬ ቢሆን ደግፎ የሚይዝ ሰው እየጠሩ ነው። ከዓይኔ ስር ሆኖ አላየሁትም። እህቴም አቀርቅራ ትጽፋለች፤ እንባዋ ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል። «አብሽሪ፣ አይዞሽ» ይሏታል ሴቶቹ፤ የሚያስለቅሳት ደስታ መሆኑን አላወቁም።

መስመሩ ተለወጠ። እኚያ እናት ሁሉንም እንደገና አስነብበው ሰሙና፣ «አሁን እኛ ነን» አሉ።

እህቴም «ወሬ»ን ከነዚህ ነገር በእንግሊዝኛው ጥናቷ ውስጥ አስገብታ ላከችው፤ ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ጥናቱን የሚመዝኑት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ እህቴ አታውቃቸውም፤ እነሱም አያውቋትም፤ ስም ለስም ተደብቀው ነው የሚሠሩት። ይህም ይገርመኛል። አንደኛው ሰንጠረዦቹን ቀንሺ አላት። ሁለተኛው ግን፣ «ወሬ» የሚለውን ቃል እባክሽ ወደ እንግሊዝኛ አትመልሺው፤ እንዳለ ይቀመጥ፤ ብቻን ያለመክፈቱም ነገር ወደ ጥናቱ መጀመሪያ ይምጣ ብሎ ጻፈ። ማን ይሆን? የት አገር ሆኖ ይሆን ያነበበው? እሱስ መርዶ ሰምቶ ያውቅ ይሆን? አሁን በእንግሊዝኛው መካከል «ወሬ» እንግዳ ፊደል ለብሳ ቁጭ ብላለች። ደጋግሜ አየኋት። የእኛ «ወሬ አለሽ ወይ» እዚያ ድረስ ሄደች!

ደስታዬ በዚህ አላበቃም። መጽሔቱ ማጠቃለያዎቹን ለማንም በነፃ የሚከፍት ገጽ ጀምሯል፤ ማንበብ ለማይችሉም በድምፅ ይቀመጣሉ። የእኛን ያነበብኩት እኔ ነኝ። በሬዲዮ እንደሚያነቡት ላደርገው ስል እህቴ፣ «ተይ! በወሎኛሽ አንብቢው» አለችኝ። አነበብኩት። ለአርዲቦዎቹ ስንልክላቸው መልሳቸው በቮይስ መጣ፤ ሁሉም በአንድ ላይ ይስቃሉ፤ ከመሃል የእኚያ እናት ድምፅ፣ «ተሰብስበን ነው የከፈትነው!» ይላል።

እናንተም ስሙት። መጀመሪያ ግን በአጥሩ ላይ ተጣሩ፤ ጎረቤት ይምጣ፤ አጠገባችሁ ይቀመጥ። ደህና ወሬ መሆኑን እኔ ነግሬያችኋለሁ፤ ቢሆንም ብቻችሁን አትክፈቱት።