ስሙ ቀጥቃጭ የሆነው ጀርመናዊ

ልጅ ሳለሁ መብራት በጠፋ ምሽት ሁሉ አያቴ አቦይ ሐጎስ የፋኖሱን ክር ዝቅ አድርገው፣ እጃቸውን በከሰሉ ፍም እያሞቁ ተረት ይነግሩን ነበር። ታናሽ ልጃቸውን፣ አክስቴን ለተብርሃንን ለትዳር ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ቀን የቆረጡ ሰሞን ግን ጅቡና ቀበሮው ድንገት ቀሩና በየምሽቱ አንድ ጀርመናዊ ይመጣ ጀመር።

ሰውየው ቁሓ አጠገብ መንገድ ሲሠራ አያቴ አብረውት የዋሉ መሐንዲስ ነበር አሉ፤ የቤተሰብ ስሙ ሽሚት፣ በእኛ ቀጥቃጭ ማለት ነው። እንደ አያቴ አነጋገር፣ ድሮ በጀርመን ከተሞች ሰው በዝቶ በአንድ ሰፈር አምስት ሃንስ ሲገኝ ጸሐፊው ግራ ቢገባው፣ አንዱን ሃንስ ወፍጮኛው፣ ሌላውን ሃንስ ልብስ ሰፊው፣ ብረት የሚመታውንም ሃንስ ቀጥቃጩ ብሎ መዘገባቸው። የልጅ ልጆቹ ዳቦ ጋጋሪም ቄስም ሆኑ፤ ስሙ ግን አልለቀቃቸውም። ቀጥቃጭ የሌለበት መንደር ስላልነበረም አገሩን ሞላው።

ያኔ አላመንሁም። በእኛ ሰፈር ለቀጥቃጭ ዘር ልጁን የሚድር አልነበረም፤ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ይደብቀዋል እንጂ ስም አድርጎ ይዞት አይዞርም።

«መሐንዲሱ ራሱ ብረት ይቀጠቅጥ ነበር?» አልኋቸው።

«እሱማ መዶሻ ሲይዝ የሚመታው ጣቱን ነበር፣ ጓለይ፣ ልጄ።»

ሁላችንም ሳቅን፤ አክስቴ ብቻ አልሳቀችም። አያቴም የሚያዩት እሷን ነበር። ይህን ጊዜ ጥርጣሬዬ ባሰ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሙሽሮቹ ዘመድ ሆነው እንዳይገኙ ሁለቱም ወገን አያቶቹን እስከ ሰባት ትውልድ ይቆጥራል። የእነሱ ትልቅ ሽማግሌ ሰባቱንም በአንድ ትንፋሽ ጨረሱ። አያቴ አራተኛው ላይ ቆሙ። አክስቴ ከመጋረጃው ኋላ እጄን ጨመቀችው።

«አራተኛው ወልዱ» አሉ፤ «ቀጥቃጩ።»

«አቦይ ሐጎስ! ይሄ ሰው ፊት ይነገራል?» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ።

«ጀርመኖቹ በራቸው ላይ ይጽፉታል።»

የቀረበውን ስዋ፣ የእኛን ጠላ፣ የሚያነሳ ጠፋ። ያኔ ገባኝ፤ አያቴ በየምሽቱ ይህችን አንድ ቃል ለማውጣት ይለማመዱ ኖሯል። ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «እስቲ የእኛንም እንደገና እንቁጠረው» አሉ። በሁለተኛው ቆጠራ ሦስተኛው አያታቸው ቆዳ ፋቂ ሆነው ተገኙ።

ሰርጉ ተደረገ። ካደግሁ በኋላ ስሙም ትርጉሙም አያቴ እንዳሉት መሆኑን አረጋግጫለሁ፤ መሐንዲሱ መኖሩን ግን እስከ ዛሬ እጠራጠራለሁ። ሰው አያቶቹን ሳይደናቀፍ ሲቆጥርልኝም፣ ሲጨርስ ሁለተኛውን ቆጠራ እጠብቃለሁ።